የቅዳሜ እንግዳና የበጋ እንግዳ

የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የእንግዳ ገበያ በሳምንት ሁለት ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ በከባድ መኪና ሰልፍ መካከል ሰዓታት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት አወረደው። ከአዲስ አበባ ብርድ የሸሸ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ይገኛል፤ እሑድ ማታ ደግሞ ክፍያ ጣቢያው ላይ ተሰልፎ ይመለሳል። ከሞጆ ወደ ሀዋሳ ከሚዘረጋው ፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ሥራ ሲጀምር ይኸው ልማድ ወደ ደንበልና ወደ ላንጋኖ ሐይቆች ወረደ። ባለሀብቱም አስተዳደሩም ከዚህ ሁሉ የያዘው ትምህርት አንድ ነው፤ መንገድ ሲያጥር እንግዳ ይበዛል። ነገሩ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። መንገድ ሲያጥር ቆይታም ያጥራል፤ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት ቦታ በአንድ ሰዓት የሚለቀቅም ነው። ስለዚህ ከአዳማ አጠገብ ካለችው መልካሳ እስከ ላንጋኖ ያሉ ከተሞች አሁን ሊያስቡለት የሚገባው እንግዳ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ሳይሆን በጋውን ከእነርሱ ጋር የሚያሳልፈው ይመስለኛል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ምክንያት ሌላ ነው፤ ወራት የሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ነዋሪው ለዘመናት ሲጠይቀው ከኖረው ጋር አንድ ነው።

እንዲህ ያለው እንግዳ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። ኅዳር ሲገባ ከካናዳዎቹ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና አልበርታ፣ ከአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶችም የሚነሡ ጡረተኞች አልጋ፣ ማድቤትና መጸዳጃ የተገጠመላቸውን መኪኖች እየነዱ ወደ ሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። በባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር፣ በኮንሴፕሲዮን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ መኪናቸውን አሸዋው ላይ አቁመው፣ በዘንባባ ዝንጣፊ በተከደነ ዳስ ሥር ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ለቆሙበት ቦታ በቀን መጠነኛ ገንዘብ እየከፈሉ እስከ መጋቢት ይቆያሉ። ከእነዚህ ዳርቻዎች ብዙዎቹ የውሃም የመብራትም መስመር የላቸውም። ውሃው ከመኪናው ታንከር፣ መብራቱ ጣሪያው ላይ ከተዘረጋው የፀሐይ ሰሌዳ ይገኛል። ዓሣ፣ አትክልትና የመጠጥ ውሃ ግን የአካባቢው ሰው እየዞረ ይሸጥላቸዋል። ኑሮው የቅንጦት አይደለም። ከሀገሩ ብርድና ከማሞቂያ ወጪ የሸሸ ጡረተኛ ባለችው ገንዘብ ረዘም ላለ ጊዜ የሚኖርበት ዘዴ ነው።

ይህን የኑሮ ዘዴ ከመኪናው ይበልጥ ሕጉ ነው የቀረጸው። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የውጭ ዜጋ ከባሕር ዳርቻ በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የመሬት ቀጥተኛ ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። ቤት የፈለገ በባንክ አደራ በኩል ዞሮ መግዛት አለበት፤ ባሕሩ የሚነካው አሸዋ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ሀብት ሆኖ በፈቃድ ብቻ ይሠራበታል። በዚህ መካከል ካምፑ ቀላሉ መውጫ ሆነ፤ እንግዳው የመኪናው ባለቤት ነው፣ መሬቱ ግን ከባለአገሩ እጅ አይወጣም። ለጎብኚ የሚሰጠው የመቆያ ፈቃድ እስከ 180 ቀን መድረሱ ሲጨመርበት አንድ ሰው ሀገሩን ሳይለቅ ግማሽ ዓመት በሌላ ሀገር መኖር ቻለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባልበት በእኛ ሀገርም ይህ አሠራር በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። መሬት ሳይሸጡ ከመሬት ላይ ረጅም ገቢ ማግኘት እንደሚቻል ያሳያልና።

የእኛስ እንግዳ ከየት ይመጣል? አቆጣጠሩ ራሱ ይመልሳል። ቶሮንቶና ሚኒያፖሊስ በበረዶ የሚሸፈኑባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት በስምጥ ሸለቆ ደረቁና ብሩሁ ወቅት ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው መልካሳ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ነፋሻ ነው። ገናና ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ይውላሉ። በደርግ ዘመን በሃያዎቹ ዕድሜያቸው በሱዳን በኩል የተሰደዱት፣ በኋላም ዋሽንግተን፣ ሲያትልና ቶሮንቶ የከተሙት ኢትዮጵያውያን ዛሬ ስልሳዎቹን ጨርሰው ጡረታ ላይ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሰጠው መብት ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ጡረተኛ ሶሻል ሴኩሪቲው ኢትዮጵያ ተቀምጦም ይደርሰዋል። የኦንታሪዮ የጤና ሽፋን በ12 ወር ውስጥ 153 ቀን በክፍለ ግዛቱ መገኘትን ይጠይቃል፤ ቀሪውን ሰባት ወር ገደማ ሰውዬው የት እንደሚያሳልፍ ራሱ ይወስናል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ለቀቅ ሲደረግ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ደግሞ መጠነኛ ጡረታን እንኳ እዚህ ሲመነዘር ጠቀም ያለ ገንዘብ አደረገው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ያቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ ይህ እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ አዲስ አበባን ሳይረግጥ አዳማ ሊገባ ይችላል።

ወራት የሚቆይ እንግዳ ለእኛም ባሕል እንግዳ አይደለም። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በሸንኮራ ዮሐንስ፣ በሌሎችም የጠበል ቦታዎች፣ ሕመምተኛው ሱባኤውን እስኪፈጽም በመንደሩ ቤት ወይም አልጋ ተከራይቶ፣ ከሰፈሩ ሽሮና ቆሎ እየገዛ ይቀመጣል። ጠበልተኛ ሪዞርት አይጠይቅም፤ ጣሪያ፣ ውሃና ሰላም ይበቃዋል። ሰውነቱ በቁርጥማት የደከመም ፍል ውሃ ፍለጋ ሲሄድ በአንድ ቀን ነከራ እንደማይድን ስለሚያውቅ ስንቁን አስቦ ይነሣል። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታትም በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ክረምቱን ከሚያሳልፉበት ስፍራ በጋ ሲጠባ ይነሡ ነበር። የከረዩ ከብት አርቢዎች እስካሁን ድረስ በአዋሽ ዳርና ከወንዙ ራቅ ባለው ግጦሽ መካከል በወቅት ይመላለሳሉ። በወቅት መኖር ከዚህ አካባቢ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አዲስ የሚሆነው እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ በምን መልክ ይደራጅ የሚለው ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሁለት ሰዎች 90 ሌሊት ቢያድሩና 45 ጥንዶች ሁለት ሁለት ሌሊት ቢያድሩ በሆቴል መዝገብ ላይ ድምሩ እኩል ነው። በከተማዋ ኑሮ ላይ ግን የሚተዉት ለየቅል ነው። የቅዳሜ እንግዳ የሚፈልገው ንጹሕ መዋኛ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቀዝቃዛ ቢራና ሙዚቃ ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ማቅረብ ስለሚቻል ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰፈር ምን እንደሚጠጣ ለእንግዳውም ለባለቤቱም ጉዳያቸው አይሆንም። ሦስት ወር የሚቀመጥ የሰባ ዓመት ሰው ግን በሆቴል ዋጋ ሦስት ጊዜ መብላት አይችልም፤ ከጉልት ሽንኩርት ይገዛል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬው ያደረሳቸው መልካ ሾላ ቲማቲምና አዳማ ቀይ ሽንኩርት በሳምንት አንዴ በጭነት ወደ ሪዞርት ማድቤት ከመግባት ይልቅ በየዕለቱ በዘንቢል ይሸጣሉ። ባጃጅ፣ ልብስ አጣቢ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ፋርማሲ፣ ነርስ ሁሉም ድርሻ ያገኛል። የገቢው ዕለታዊነት ከመጠኑ እኩል ዋጋ አለው፤ ቅዳሜን ብቻ ጠብቆ የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ቀጥሮ ማቆየት አይችልም።

ከሁሉ በላይ ጉዳዩ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በሚያገኘው ፍሎራይድ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ላይ የደረሰው የጥርስ መበለዝና የአጥንት መጣመም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተጠንቷል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ ጣዕሙም አይታወቅም፤ ጉዳቱ በዓመታት ተጠራቅሞ ነው የሚታየው። የሁለት ቀን እንግዳ ስለዚህ ነገር ሳይሰማ መጥቶ ሳይሰማ ይሄዳል። በየዓመቱ ለሦስት ወር የሚመለስ፣ ስለ ጤናው አጥብቆ የሚጠይቅ ጡረተኛ ግን ቤቱን ከመከራየቱ በፊት የውሃውን ምርመራ ያያል። የሜክሲኮው ተጓዥ ውሃውን በመኪናው ጭኖ ስለሚመጣ ከባለአገሩ ብዙ አይጠብቅም፤ የእኛ እንግዳ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ያ ታንከር የጫነውን ሁሉ እዚሁ ማግኘት አለበት። ይህን ብዙ ሰው እንደ ድክመት ያየው ይሆናል። እኔ ግን ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ነው ያለው እላለሁ፤ ለእንግዳው ሲባል የሚሻሻለው ቧንቧ ነዋሪው የሚቀዳበት ቧንቧ ሊሆን ይችላልና።

ቴክኒኩ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በሕንድ የሚገኘውን የናልጎንዳን አካባቢ ስም የያዘው ዘዴ በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይድን ከውሃ ይለያል፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ መንደሮችም ተሞክሯል። አሉሚኒየም ሰልፌት የሚመረተው ደግሞ እዚያው፣ በአዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? መጠኑን በየቀኑ እየለካ የሚጨምር ሰው፣ ዝቃጩን የሚያስወግድ ሥርዓት፣ ለዚህ ሁሉ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ትንንሽ የውሃ ማጣሪያዎች ብዙ ጊዜ ተተክለው የሚቀሩት ለተከላ የመጣው እርዳታ ለሥራ ማስኬጃ ስለማይዘልቅ ነው። በየሌሊቱ ከበጋ እንግዳ የሚሰበሰብ መጠነኛ የውሃ ክፍያ ዓመት ከዓመት ሊታቀድበት የሚችል ገቢ ነው። ከቅዳሜ እንግዳ ይህን መሰብሰብ ይቻላል ቢባል እንኳ፣ እርሱ ራሱ ስለማይጠቀምበት ለምን እንደሚከፍል ማስረዳት ከባድ ነው።

ለዚህ ሐሳብ የሚሰጡት መልሶች ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሐበሻ ዘመድ እያለው ካምፕ አይቀመጥም የሚለው ነው። ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ አበባ እኅቱ ቤት ነው የሚያርፈው፤ ሌላ ቦታ ቢያርፍ ቅያሜ ነው። ይህ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ትክክል ነው። ለሦስት ወር ሲሆን ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖር ዘመድ ቢያፍርም ይጨናነቃል፤ እንግዳውም ቢወደድ ይሳቀቃል። ጥሩው መፍትሔ የራሱን ቤት በቅርብ ተከራይቶ ዘመድ ቅዳሜ የሚጠይቀው ሰው መሆን ነው፤ አዳማና መልካሳ ለዚህ ርቀታቸው ይመቻል። የቅዳሜው እንግዳና የበጋው እንግዳ በዚህ መንገድ ይደጋገፋሉ። ሁለተኛው የመኪናው ነገር ነው፤ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል፣ ቤት የሆነ መኪናማ ከየት ይመጣል? አያስፈልግም። ከሜክሲኮ የምንወስደው መኪናውን ሳይሆን የውሉን ዓይነት ነው፤ የአፈር ጡብ ጎጆም ሆነ የድንኳን ሰፈር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የጤና ሥጋት ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ወባ በአዳማና በአዋሽ ዳር አለ፤ ደንበል ላይ ብልሃርዝያ አለ። የወባ ዋነኛ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ተጋላጭነቱ ይቀንሳል፣ አይጠፋም። የአሜሪካው ሜዲኬር ከሀገሩ ውጭ በጥቅሉ አይከፍልም፤ ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በቅርብ አስተማማኝ ሆስፒታል ካላየ አይመጣም። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አጎበር፣ የረጋ ውሃ ማፋሰስ፣ ሌሊት የሚሠራ ድንገተኛ ክፍል የመልካሳ እናትም የምትጠይቃቸው ናቸው። ሪዞርት ያለ እነዚህ ሊኖር ይችላል፤ የበጋ እንግዳ ያለ እነዚህ አይኖርም።

ሰላምስ? በሰኔ 2012 መጨረሻ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በባቱ ሆቴሎች ተቃጥለዋል፤ ከዚያ ወዲህም በኦሮሚያ አንዳንድ መንገዶች ላይ የተፈጸሙ እገታዎች መንገደኛውን አስፈርተዋል። ሰላም በሌለበት የትኛውም እንግዳ አይመጣም፤ ይህን በምንም ዕቅድ መሸፈን አይቻልም። ሆኖም የሥጋቱ አወቃቀር ይለያያል። ገቢው በጥቂት ትልልቅ ግቢዎች ውስጥ ሲከማች ከአጥሩ ውጭ ያለ ወጣት ግቢው ሲቃጠል የሚያጣው ነገር የለም፤ ቅሬታው ካለ ደግሞ ዒላማው ያው በግልጽ የሚታየው ግቢ ነው። ገቢው በሁለት መቶ ቤት ኪራይ፣ በጉልትና በባጃጅ ሲበተን ሰላሙን የሚጠብቅ ሰው ይበዛል። ይህ ለታጠቀ ኃይል መከላከያ አይሆንም፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ላለው ቅሬታ ግን ዋጋ አለው። በየሳምንቱ ከሚመላለስ ይልቅ አንዴ መጥቶ የሚቀመጥ ሰው ለመንገድ አደጋ የሚጋለጠው በጥቂቱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ከባዱ ተቃውሞ የመሬትና የዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የሜክሲኮ ሲቲ ነዋሪዎች ዶላር የሚያገኙ የውጭ ሰዎች ኪራዩን አስወደዱብን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። የከረዩ ሕዝብ ደግሞ የበጋ ግጦሹን አንዴ ለመተሐራ ሸንኮራ፣ አንዴ እ.ኤ.አ. በ1966 ለተቋቋመው ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲለቅ የሌላውን ምቾት በራሱ መሬት ከፍሏል። እንግዳው ንጹሕ ውሃውን በታሸገ ጠርሙስ፣ መብራቱን በራሱ ጄኔሬተር፣ ጥበቃውን በራሱ ዘበኛ አደራጅቶ አጥር ሊያጥር እንደሚችልም አልክድም፤ ያኔ የጥቅም አንድነት ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት አዋጅ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ያለውን ገዥ የሚጋብዝ በመሆኑ ወደዚያው አቅጣጫ የሚያዘነብል ይመስለኛል፤ 150 ሺህ ዶላር አውጥቶ የገዛ ሰው ዘጠኝ ወር የሚዘጋ በር ይገዛል። ስለዚህ የበጋ እንግዳ በራሱ በረከት አያመጣም፤ የሚያመጣው በሁኔታ ነው።

ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው። መሬቱ በማኅበር ወይም በቀበሌ ስም ሆኖ ለእንግዳ በወቅት ብቻ ይከራይ፤ አይሸጥ፣ በረጅም ሊዝ ለአንድ ሰውም አይሰጥ። የሐይቅ ዳርና የወንዝ ዳር መተላለፊያ ለከብትም ለሰውም ክፍት ይቆይ። ሰፈሩ የራሱን ጉድጓድ ከሚቆፍር ከከተማው መስመር ጋር ይያያዝ፤ የምርመራው ውጤትም ቦኖው ላይ ይለጠፍ። አዲስ ቤት እየተሠራ ይከራይ እንጂ ተከራይ የሚኖርበት አይቀማ። ቢጫ ካርድ ለሌለው ጎብኚ ደግሞ ዛሬ 30 ወይም 90 ቀን የሆነው የቱሪስት ቪዛ ለስድስት ወር የሚዘልቅ ዓይነት ይጨመርለት። እነዚህ ከሌሉ መልካሳ ሌላ አጥር ብቻ ታተርፋለች፤ ካሉ ግን ብዙ ብድርና ብዙ ሲሚንቶ አያስፈልግም።

ቀሪው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የቱሪዝም ሪፖርቶቻችን ስንት ሰው መጣ፣ ስንት አልጋ ተገነባ ብለው ይቆጥራሉ፤ ለዚህ ዓይነት ቆጠራ ፍጥነት መንገድ ሁልጊዜ ድል ነው። አስተዳዳሪው ስንት ሌሊት አደሩ፣ ከወጪያቸው ስንቱ በጉልትና በመንደር ቀረ፣ እንግዳው የጠጣውን ውሃ ስንት ቤተሰብ አብሮ ጠጣ ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ግን ለሪዞርት አጥር የሚሰጠው መሬትና ለቧንቧ የሚመደበው በጀት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። በዚያ ሚዛን ቧንቧው እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነኝ፤ እንግዳ ባይመጣ እንኳ ነዋሪው ይጠጣበታልና።